በሽማግሌ የተጠየቀች ሲንተሳይዘር

ሰው በሁለት ይከፈላል ብል ትቆጡኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ሰውን በሁለት የሚከፍል ሁሉ ራሱን ከደህናው ወገን ያስቀምጣል። እኔ ግን ራሴን ከባሰው ወገን አስቀምጬ ስለምከፍል ታገሡኝ። አንደኛው ዓይነት ሰው ገበያ ገብቶ ያያትን የመጀመሪያ ጫማ ይለካል፣ "ትሆናለች" ይላል፣ እዚያው አድርጓት ይወጣል። ሁለተኛው ዓይነት ሱቁን ሁሉ ዞሮ፣ ባለሱቁን ሁሉ አሰልችቶ፣ ስለ ሶሉ፣ ስለ ክሩ፣ ቆዳው ስለመጣበት አገር ጠይቆ፣ በመጨረሻ በዚያው በአሮጌ ጫማው ቤቱ ይገባል። እኔ ይህ ሁለተኛው ነኝ። እንጀራዬም በዚሁ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ፣ ቀኑን ሙሉ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እየዘረጋሁ ጉድለት እፈልጋለሁ። ጉድለት ያላገኘሁ ቀን ደመወዜን በነፃ የበላሁ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ሲንተሳይዘር ያማረው።

ሲንተሳይዘር ኦርጋን አይደለም። ይህንን ለጎረቤቶቼ በሙሉ አስረድቻለሁ፤ ለእናንተም ላስረዳ። ኦርጋን ፋብሪካው የሰጠውን ድምፅ ይመልስልሃል። ሲንተሳይዘር ግን ድምፁን ራስህ ከባዶ ኤሌክትሪክ ታወጣዋለህ፤ አንዷን ማዞሪያ ስትጠመዝዝ ይወፍራል፣ ሌላዋን ስትጠመዝዝ ይቀጥናል፣ ሦስተኛዋን ስትነካ ይንቀጠቀጣል። ያ በየጭፈራ ቤቱ ግድግዳ አልፎ ደረታችሁን የሚመታው፣ ሳታስቡት እግራችሁን የሚያነሣው የዳንስ ሙዚቃ የሚወለደው ከዚህ ነው። ጎረቤቶቼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ "አሃ፣ ኦርጋን!" ይላሉ።

የዳንስ ሙዚቃ በኮምፒዩተር እሠራለሁ። እሠራለሁ ስል፣ እጀምራለሁ ማለቴ ነው። የተጀመሩ ብዙ ዘፈኖች አሉኝ፤ አንዱም ሁለተኛ ደቂቃው ላይ አልደረሰም። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ እጅ የሚዳስሰው መሣሪያ የለኝማ! በማውስ ጠቅ እየተደረገ ጭፈራ አይሠራም። አንድ እውነተኛ ሲንተሳይዘር ባገኝ ግን ታያላችሁ። ይህንን እያልኩ አራት ዓመት ሆነኝ።

አራቱን ዓመት ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ መረጥኩ። ቪዲዮ አየሁ፣ አነበብኩ፣ አወዳደርኩ። አናሎግ የሚባለው ዓይነት ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ ቅኝቱ ግን ይንሸራተታል ይላሉ። ዲጂታል የሚባለው አይንሸራተትም፣ ድምፁ ግን ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። ሞቅ ያለ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፤ ስለ ሙቀቱ ግን ሦስት ሰዓት መከራከር እችላለሁ። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አለ፤ ስምንት ድምፅ ባንዴ የሚያወጣም አለ። አንዱን መርጬ ልተኛ ስል የሌላኛው ጥቅም ትዝ ይለኛል። ነክቶት የማያውቀውን ዕቃ እንደኔ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በባሕር ዳር ያለ አይመስለኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ነበር፤ እውነትም አላፈሰስኩም፣ አልለቀምኩምም።

ባለቤቴ ሰብለ ታጋሽ ሴት ናት። ይህንን የምታውቁት አራት ዓመት ሙሉ ከሳሎናችን አንዱን ጥግ ባዶ አድርጋ መኖሯን ስነግራችሁ ነው። ጥጉ የሲንተሳይዘሩ ነው፤ እንግዳ እንኳ አይቀመጥበትም። ባለፈው የካቲት ግን መጥረጊያዋን ተደግፋ እዚያ ጥግ ላይ ቆመችና፣ "ስማ፣ እኔ ዕቃው አይደለም ያሰለቸኝ፤ አንተ 'ባገኝ ኖሮ' ስትል መስማት ነው። ወይ አንዷን አምጣና ሥራ፣ ወይ 'አልሠራም' በለኝና ሁለታችንም እንረፍ" አለችኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጨርቅ እያገላበጥኩ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሰው የሚጨፍርበት አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ፣ ጨርሼ ማየት ከልቤ እፈልግ ነበር። ያን ቀን ማልኩ። የመጀመሪያዋ የምትገኘዋ የኔ ናት አልኩ።

የመጀመሪያዋ የተገኘችው ከጣና ማዶ፣ ቁንዝላ ላይ ነበረች።

ባለቤቷ ወይዘሮ ፋናዬ ይባላሉ። ድሮ እዚህ ሐይቁ ዳር በሚጫወት የሆቴል ባንድ ውስጥ ሲንተሳይዘር ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ቁንዝላ ላይ ዓሣ ከአጥማጆች እየተረከቡ ይሸጣሉ። ጣታቸውን ቁርጥማት ይዞት መጫወት አቅቷቸዋል፤ "ለሚጫወት ሰው እሰጣታለሁ" ማለታቸውን ከአንድ ጀልባ ነጂ ሰማሁ። ስልክ ደወልኩላቸው። ስለ ሥሪቷ ዘመን ጠየቅኩ፣ ስለ ማዞሪያዎቿ ጠየቅኩ፣ ድምፁን ስለሚያጠልለው ስለ ፊልተሯ ጠየቅኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣

"ልጄ፣ ሰው የለህም?" አሉኝ።

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ብቻህን ነው እንዴ የምትጠይቅ? ሃያ ዓመት አብሬያት ኖርሁ። በስልክ ተነጋግሬ የምሰጣት አይደለችም። ሰው ላክ፤ ወግ አለው ይህ ነገር።"

ሽማግሌ ላክ ማለታቸው ነበር። አትሳቁ። ስታስቡት ሴትዮዋ ያለ ነገር አይደለም ያሉት፤ እኛ አገር ቁም ነገር የሆነ ሁሉ በሽማግሌ ይጠየቃል፣ በሽማግሌ ይታረቃል፣ በሽማግሌ ይፈርሳል። ቁም ነገር መሆኗን ደግሞ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ልብ ያላልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሁለት ሽማግሌ አገኘሁ። አንዱ የእናቴ ወንድም መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ያስተምራሉ። ስለ ድምፅ ያውቃሉ ብዬ ነው። ሁለተኛው የግቢያችን ሰው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ። ስለ ኤሌክትሪክ ያውቃሉ ብዬ ነው። ድምፅና ኤሌክትሪክ ሲደመሩ ሲንተሳይዘር ይሆናሉ፤ ሒሳቤ እንዲህ ነበር። ለሁለቱም እንዲጠይቁልኝ አርባ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጻፍኩ።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሣን፣ ደቅ ላይ መሪጌታን አሳፈርን፣ ቁንዝላ ደረስን። ከወይዘሮ ፋናዬ ዓሣ መደብር በር ላይ መሪጌታ መቋሚያቸውን ደረቴ ላይ አድርገው አቆሙኝ።

"አንተ ወዴት?"

"ልገባ ነዋ።"

"ጠያቂው ራሱ ይገባል እንዴ? የት አገር አይተሃል? እዚያ ዋርካ ሥር ቁጭ በል።"

ልብ ያላልኩት ይህ ነበር። አራት ዓመት ያጠናሁት እኔ ውጭ ቀረሁ፤ ሲንተሳይዘር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሁለት አዛውንት ሊመርጡልኝ ገቡ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "አይዞህ፣ ኦርጋኗን በደንብ እናይልሃለን" አሉኝ።

ደግነቱ የመደብሩ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ከዋርካው ተነሥቼ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ቆሮሶ ዓሣ ትፍቃለች፤ ቀና ብላ አየችኝና ፍቀቷን ቀጠለች።

ውስጥ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አልቀመጥም ብለው ቆመዋል። መሪጌታ ወረቀቴን ዘርግተው፣ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ያሉ ይመስል ድምፃቸውን ጎተት አድርገው ያነባሉ።

"የፊልተሯ ጠባይ እንዴት ያለ ነው? ሲያጠብቋት ታፏጫለች ወይ?"

"ታፏጫለች" አሉ ወይዘሮ ፋናዬ። "ካልነኳት ግን ለማንም አታፏጭም።"

"መልካም። ቅኝቷ ይንሸራተታል ወይ ይላል ልጃችን።"

"ሲሞቃት ከፍ ትላለች፣ ሲበርዳት ዝቅ ትላለች። እርስዎስ አይሉም?"

"እላለሁ፤ በሁዳዴ በጣም ዝቅ እላለሁ" አሉ መሪጌታ፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሲያደርጉ ይሰማኛል። "ባንድ ጊዜስ ስንት ድምፅ ታወጣለች?"

"አንድ።"

አንድ! እኔ ውጭ ሆኜ ግንባሬን ቆርቆሮው ላይ መታሁት። ስምንት ድምፅ ነበር የምፈልገው፤ ያን ጧት ጀልባው ላይ ነበር የወሰንኩት። በመስኮት ጮኼ "ይቅርብን!" ልላቸው ስል መሪጌታ ቀደሙኝ።

"አንድ ይበቃል። አርባ መዘምር ቆሞ አንድ ድምፅ ለማውጣት ነው ዕድሜ ልኩን የሚደክም። ብዙ ድምፅማ ገበያም ያወጣል።"

እንግዲህ አራት ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ በዚህ ተዘጋ። ዓሣ ፋቂዋ እንደገና አየችኝ።

ወይዘሮ ፋናዬ ጥያቄው አርባ አንድ ድረስ ሲነበብ ሰምተው፣ "እናንተ ጨዋዎች ናችሁ። የልጃችሁን ነገር ግን ላስብበት፤ ምሳ ብሉና መልሴን ትሰማላችሁ" አሉ። ዓሣ ጥብስ ቀረበ፤ ለኔም በመስኮት አወጡልኝ። እየበላን ሳለ፣ በመስኮቱ እንዳየሁት፣ የጋሽ ደምሴ ዓይን ከአንድ ሶኬት ላይ ተተከለ። ሲንተሳይዘሯ የተሰካችበት ሶኬት ነበር፤ ብልጭ ይላል። ሰውዬው ዓሣቸውን ትተው ተነሡ፣ ካቻቢቴያቸውን መዘዙ፣ መሣሪያዋን ነቅለው ሶኬቱን አስተካከሉ። ሶኬቱን ሲጨርሱ እጃቸው አላርፍ አለና የመሣሪያዋን ክዳን ከፈቱ፤ ውስጧ የገባውን የዓሣ ቅርፊት በጨርቅ ጠረጉ፤ ሁለት የማይሠሩ ቁልፎች ነበሩ፣ አንዱን አዳኑት። ወይዘሮ ፋናዬ ከጎናቸው ቆመው ባትሪ አበሩላቸው። ማን ፈቀደላቸው? ማንም። ማን ከለከላቸው? ማንም።

ከምሳ በኋላ ተጠራሁ። "እስኪ ልጁ ይግባና እንየው" ብለዋል ወይዘሮዋ።

ገባሁ። በዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ በቅርብ አየኋት። ከፎቶግራፍ ሁሉ ታምራለች፤ ሁለቱ ጎኖቿ እንጨት ናቸው፣ ማዞሪያዎቿ በእጅ ብዛት አብለጭልጨዋል። ወይዘሮ ፋናዬ አጠር ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ ጣቶቻቸው የተቆለመሙ ሴት ናቸው። እነዚያን ጣቶች ወደ መሣሪያዋ አመለከቱና፣ "ንካት" አሉኝ።

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትነኳት ነበር። እኔ ግን የሚያውቅ ሰው ነኝ። አናሎግ ሲንተሳይዘር ተሰክቶ ቅኝቱ እስኪረጋ ሃያ ደቂቃ መሞቅ እንዳለበት አንብቤያለሁ።

"መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ትሙቅ" አልኳቸው።

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። ወይዘሮዋ ትክ ብለው አዩኝና፣ "ትሙቅ" አሉ። ተሰካችና ሁላችንም ቆመን እስክትሞቅ ጠበቅን። ላብ ያጠመቀው ግን እኔን ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፦ የፈራሁት ቅኝቷን አልነበረም። እጄን አስቀምጬ የሚወጣው ድምፅ ተራ ቢሆንስ? አራት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የዕቃው ነበር። ይህችን ከነካኋት በኋላ ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ጋሽ ደምሴ መጠበቅ አይችሉም። ያዳኑት ቁልፍ በእርግጥ መዳኑን ሊያረጋግጡ በአንድ ጣት ጫን አሉት። "ዱም" አለ። የዓሣ ሣጥኑ ተንቀጠቀጠ። ደነገጡ፤ ከዚያ ሳቁ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሲስቁ ሰምቻቸው የማውቀው በግቢያችን ዘበኛ ውሻ ላይ ብቻ ነው። እንደገና ጫኑት። በሌላ እጃቸው አንዷን ማዞሪያ፣ መብራት ማስተካከያ ይመስል፣ ቀስ አድርገው አዞሩ። ድምፁ ከወፍራምነቱ እየተከፈተ፣ እየቀጠነ፣ እየሰላ መጣ። "ዱም፣ ዱም፣ ዱም" እያሉ እንደ ትራንስፎርመር ያለ ምት ያዙ፤ በየመካከሉ ማዞሪያዋን ይጠመዝዛሉ። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ማዞሪያ፣ ሌላ ምንም የለም። በሩ ላይ ዓሣ ፋቂዋ ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች፤ ትከሻዋ ፈቃዷን ሳይጠይቅ ይሠራል። ሁለት አጥማጆች ከኋላዋ ገቡ። መሪጌታ ሳያውቁት መቋሚያቸውን በምቱ ላይ ያወርዱ ጀመር፤ ሲያውቁት አቆሙ፤ ጥቂት ቆይተው እንደገና ጀመሩ።

እኔ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራታል።

ወይዘሮ ፋናዬ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መሪጌታን ወደ ጓዳ ጠሩና ጥቂት ተነጋገሩ። መሪጌታ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደ ደንቡ አስተካክለው ከፊቴ ቆሙ።

"ልጄ፣ የመጣንበት ጉዳይ ተሳክቷል" አሉኝ። "ተሰጥታለች። ለአንተ ግን አይደለም።"

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። "ኧረ እኔ ሽማግሌ ሆኘ ነው የመጣሁ! ነውር ነው! የልጁን ነገር ልጠይቅ መጥቸ…" እያሉ ወደኔም ወደ ወይዘሮዋም ዞሩ። ወይዘሮ ፋናዬ ግን ቆርጠዋል። "ልጁ አዋቂ ነው፤ እኔ ሃያ ዓመት ስጫወት ያላወቅሁትን ነገረኝ። የምሰጣት ግን ለሚነካት ነው። እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ አየኋት፤ ሌላ ዝም የሚያሰኛት ቤት አልሰድዳትም።"

በታሪካችን ሽማግሌ ልኮ ሽማግሌው ሙሽራዋን ይዞበት የተመለሰ ሰው ይኖር ይሆናል። ከነሽማግሌውና ከነሙሽራዋ በአንድ ጀልባ የተመለሰ ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ ደምሴ በጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋታል፤ ሞገድ ሲመጣ በሁለት እጃቸው ያቅፏታል። ደቅ ላይ መሪጌታን ስናወርድ፣ "መጽናት ነው፣ ልጄ" ብለው መቋሚያቸውን ትከሻዬ ላይ ነካ አድርገውኝ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም፤ በመጨረሻ ግን፣ "ውሰዳት፣ ወንድም ዓለም። ሴትዮዋ አታይ" አሉኝ።

"አይሆንም፣ ጋሼ፤ ለእርስዎ ነው የተሰጠችው" አልኳቸው። ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። ይህንን ስል ከሆዴ አንድ እፎይታ ወጣ፤ ያሳመመኝም እሱ ነው። መሣሪያ ያጣ ሰው ያዝናል እንጂ እንዴት እፎይ ይላል? እስከ ባሕር ዳር ድረስ ውኃውን እያየሁ አፈርኩ። ማታ ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም። እሷ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በየቀኑ በሬን ያንኳኳሉ። "ይቺ ሦስተኛዋ ማዞሪያ ምንድን ናት?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ የማላውቀው የለማ! ሄደው ያዞሯታል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ውጤቱን ወዲያው እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጉድለቱን በወረቀት እይዝ ነበር፤ ምቱ እዚህ ጋ ይፈጥናል፣ እዚያ ጋ ይዘገያል እያልኩ። ኋላ ወረቀቱ አለቀብኝና ሌላ አልገዛሁም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ሐይቁ ዳር ነበር። ጋሽ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ካቻቢቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው አስጊጠው ወጡ። ያ ምት ተነሣ። አንድ ቁልፍ መሆኑ ቀርቶ አራት ቁልፍ ሆኗል። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሙሽራዋ በቬሎዋ፣ ሰብለም ጫማዋን አውልቃ፣ ሣሩ ላይ አንድ ሆኑ። ልቤ ሞላ። ከጎኔ ለቆመች አንዲት ወጣት ይህን ደስታዬን ላካፍላት ብዬ፣ አሁን የሰማችው ድምፅ ፊልተሩ ሲከፈት የሚወጣ መሆኑን፣ አናሎግ ከዲጂታል በምን እንደሚለይ፣ መሣሪያዋ አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ እንደሆነችና ይህም ጉድለት እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ልጅቷ በአክብሮት ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"ጋሼ፣ ትንሽ ገለል ይበሉልኝ፤ ልጨፍር" አለችኝ።

ገለል አልኩላት። እውነቷን ነው፤ የቆምኩበት ቦታ ለጭፈራ ከሁሉ የተሻለው ነበር። ሣሩ ደረቅ ነው፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ድምፁም ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። አውቃለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ዞሬ የመረጥኩት እኔ ነኝ።